አስተናግርን ለልጄ ልስጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ4 ዓመት ልጅ አለኝ። ከሁለት ወር ወዲህ በተኛ በሁለት ሰዓቱ ገደማ ድንገት ብድግ ብሎ ይጮሃል። ዓይኑ ፈጥጧል፣ እኔን ግን አያየኝም። ጠዋት ስጠይቀው ምንም አያስታውስም። ጀርመን ያለችው እህቴ ሰው አማክራ በመንገደኛ አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ። ሰሊጥ የሚያካክሉ ነጫጭ እንክብሎች ናቸው። ላዩ ላይ «ስትራሞኒየም 30 ሲ» ይላል። የወንድሜ ልጅ ስሙን በስልኩ ሲፈልግ የእሾሃማ ፍሬ ፎቶ መጣ። እናቴ ፎቶውን አይታ «ይሄማ አስተናግር ነው! ከሮቶው ጀርባ የበቀለው! ልጁን ልታሳብዱት ነው?» ብላ ጮኸች። እህቴ ደግሞ «የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርገውም» ትላለች። ማንን ልስማ?

የሳቢያኗ እናት

መልስ፦ በመጀመሪያ «እርስዎ»ን ተይው። ከዚራ መድኃኒት ቤት መቆም ከጀመርኩ 31 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ እንግዳ በቀር አንቱ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

እናትሽ ስለ ተክሉ ልክ ናት። ስትራሞኒየም ማለት አስተናግር ነው። እህትሽም ስለ ብልቃጡ ልክ ናት፣ ግን «የተፈጥሮ» ስለሆነ አይደለም። አስተናግርም እኮ የተፈጥሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡና ታፈያለሽ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአቦሉ አንድ ሲኒ ቅጂና 99 ሲኒ ውሃ ላይ ጨምረሽ በደንብ ናጪው። 1 ሲ የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ አንድ ሲኒ ወስደሽ እንደገና 99 ሲኒ ውሃ ላይ። 2 ሲ ሆነ። እንዲህ እያልሽ 30 ጊዜ። ቡናው ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ብታሰይው 1 ብለሽ 60 ዜሮ ትደረድሪያለሽ። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘቷ ነገር ያጠራጥራል። አንቺ እጅ የገባው በቡናው ፈንታ ከአስተናግር የተሠራው 30ኛው ነው። ያንን ውሃ ስኳር ላይ ያንጠባጥቡታል፣ ሲደርቅ ብልቃጥ ይገባል። ስለዚህ ልጅሽ ቢውጠው የሚውጠው ስኳር ነው።

እንዲህ እያቀጠኑ ማከምን ሆሚዮፓቲ ይሉታል። የሆሚዮፓቲ ሰዎች ግን በቀጠነ ቁጥር ይበረታል ይላሉ። በረካው ከአቦሉ ይበልጣል እንደማለት። ነፍሷን ይማርና እናቴ ይሄን ብትሰማ ጀበናውን ይዛ ትነሳብኝ ነበር።

ሐሳቡ የሳሙኤል ሃነማን ነው፣ የጀርመን ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1790 ለወባ የሚሰጠውን የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ሳያመው ወሰደ፤ ወባ የያዘው ያህል ተሰማው። በ1796 ደግሞ ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ያንኑ የሚመስለውን በሽታ ያድናል ብሎ ጻፈ። አስተናግር ያቃዣል፤ እንግዲህ ለሚቃዥ ልጅ ይሰጥ ነው ነገሩ። የአውስትራሊያ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲገመግም፣ ሆሚዮፓቲ ለመሥራቱ አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም ሕመም አላገኘም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ቁጥሩ ወሳኝ ነው። «3 ኤክስ» የሚል፣ ማለትም በመቶ ሳይሆን በአሥር በአሥር ሦስቴ ብቻ የቀጠነ ብልቃጥ ቢመጣልሽ ከሺህ አንድ እጁ እውነተኛው ተክል ነው፤ እሱን ለልጅ እንዳትሰጪ። በአሜሪካ የአስተናግር ዘመድ የሆነ ቤላዶና ያለበት የሆሚዮፓቲ ክኒን ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ወላጆችን አስጠነቀቀ። በ2017 ደግሞ በላቦራቶሪ ሲያየው የመርዙ መጠን ከክኒን ክኒን ይለያያል፣ አንዳንዱም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በብዙ ይበልጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው «ለካ አስተናግር ለቅዠት መድኃኒት ነው» ብሎ ከጓሮው ቆርጦ ያፈላ እንደሆነስ? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ በግንቦት፣ ሁለት ልጆች ይዘውብኝ መጡ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ፍሬውን ሰብረው ዘሩን አኝከዋል። ትንሹ ከአየር ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ግንባሩን ስነካው እሳት ነው፣ ላብ ግን ጠብ አይልም። በድሬ ግንቦት! ያኔ ነው የደነገጥኩት። ተክሉን ማን አስተናግር እንዳለው ባላውቅም፣ የሰየመው ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ሳያይ አልቀረም። በታክሲ ሆስፒታል አሮጥናቸው፣ በሦስተኛው ቀን ተሻላቸው።

ይሄን የሚያደርገው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ነው። አትሮፒን እኔም መደርደሪያ ላይ አለ። የዓይን ሐኪም ብሌን ያሰፋበታል። አንዳንድ የጫት ማሳ ፀረ ተባይ የመረዘውን ሰው ሕይወት ያተርፋል። ግን ያ የተለካ ነው። ተክሉ ላይ ግን ልኩን የሚነግርሽ የለም፤ ከተክል ተክል ይለያያል፣ ዘሩ ደግሞ ይብሳል። ለጥርስ ሕመም ጭሱን የሚታጠኑትም ይሄንኑ ነው የሚስቡት። የበላ ልጅ ካጋጠመሽ ወተት፣ ማስመለስ እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ቅጠሉን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። የጻፍሽው በዚህ ዕድሜ የተለመደ መባነንን ይመስላል። እንቅልፍ ሲያጥር ይብሳል። ሁለት ወር ነው ያልሽው፤ ኬጂ የጀመረው በዚያው ሰሞን ይሆን? ድሬ ቀን ይተኛል፤ ልጅሽ የቀን እንቅልፉን ከተቀማ ማታ በጊዜ አስተኚው። ሲጮህ አትነቅንቂው፣ አትቀስቅሺው። እንዳይወድቅ አጠገቡ ሁኚ፣ ራሱ ይመለሳል። ትኩሳት ካለው ግን ወባ ይመርመር። ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ምላሱን ከነከሰ ወይም ቀንም እንዲህ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይየው። እህትሽን አትቀየሚያት፤ ብልቃጡን ግን ለልጁ ሳትሰጪ አስቀምጪው።

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ከሮቶው ጀርባ ያለውን ዛሬውኑ ንቀይው። እጅሽ ላይ ፌስታል አጥልቂ፣ ፍሬው ሳይፈነዳ፣ ልጁም ሳያይሽ።