መልስ፦ ድሮፕ ቼከሩ ለምን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ?

ወዳጄ፣ ዕፅዋት ባሉበት የዓሣ ገንዳህ ውስጥ በሰከንድ ሁለት አረፋ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እየለቀቅክ፣ ድሮፕ ቼከሩ (የጋዙን መጠን በቀለም የሚያሳየው ትንሽ ዕቃ) ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ነው ብለሃል። የጋዙን ቫልቭ ይበልጥ ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ቼከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከየት ነው? ከገንዳው ቀድተህ ከሆነ ቀለሙን አትመነው። መግባት ያለበት ኬኤቹ (የካርቦኔት ጥንካሬው) 4 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ነው፤ ቀለም የሚቀይረው አመልካች ጠብታ እዚያ ላይ ይጨመራል። ያኔ ሰማያዊ ማለት ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ 30 ፒፒኤም (በሊትር 30 ሚሊግራም) አካባቢ፣ ቢጫ ደግሞ ለዓሦቹ አደጋ።

የአረፋ ቆጠራውን እርሳው። የአንዱ ሰው አረፋ ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። የውሃው ገጽ በጣም የሚናጥ ከሆነም ጋዙ ያመልጣል።

ጋዙን የገንዳው መብራት ከሚበራበት አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ ክፈት። ቫልቩን ነካ አድርገህ ተወው፤ ቀለሙ ለመለወጥ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ይህን ሳላውቅ አሥር አሥር ደቂቃ እየቆየሁ ስጨምር ዋልኩ። ማታ ዓሦቼ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። እንዲህ ካየህ ቀለም አትጠብቅ፤ ጋዙን ዝጋና የአየር ፓምፑን ክፈት።

ፒኤች (የውሃ አሲድነት) መለኪያ ካለህማ ይበልጥ ይቀላል። ከገንዳው በብርጭቆ ቀድተህ ጋዙ እንዲወጣለት አሳድረውና ለካው። ጋዙ በርቶ የገንዳው ፒኤች ከዚያ በ1 ያህል ከወረደ በቃ፣ እዚያው ላይ ተወው።