«እሠራ ነበር»ን በእንግሊዝኛ ስንል

ጥያቄ፦ «ድሮ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር» ለማለት «አይ ዋዝ ወርክ ኢን ኤ ሾፕ» ስል መምህሬ ያርመኛል። እርማቱ ግን ይለዋወጣል፤ አንዴ «ዩዝድ ቱ ወርክ»፣ አንዴ «ዋዝ ወርኪንግ»፣ አንዴ ደግሞ «ወርክድ» ይለኛል። አማርኛው አንድ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛው ለምን ይለያያል?

መልስ፦ ያሳሳተዎት «ነበር» ነው። «ነጋዴ ነበርኩ» ሲሉ «ዋዝ» ልክ ነው። ከሌላ ግስ ጋር ሲመጣ ግን «ነበር» ረዳት ግስ ስለሆነ ለብቻው አይተረጎምም። «ዋዝ» ብሎ «ወርክ»ን እንዳለ ማስከተል በእንግሊዝኛ የለም።

አማርኛውም ቢሆን አንድ አይደለም። «ድሮ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር» የቀረ ልማድ ነው። «ስትደውልልኝ እሠራ ነበር» በዚያች ሰዓት የተያዘ ሥራ ነው። «ባልታመም ኖሮ እሠራ ነበር» ደግሞ ጭራሽ ያልተሠራ ነው። እኛ የምንለያቸው «ድሮ»፣ «ስትደውልልኝ»፣ «ኖሮ» በሚሉት አጃቢዎች ነው፤ እንግሊዝኛ ግሱን ራሱን ይለውጣል። በቅደም ተከተል «ዩዝድ ቱ ወርክ»፣ «ዋዝ ወርኪንግ»፣ «ውድ ሃቭ ወርክድ» ይሆናሉ። ሁለተኛውን ለመለየት በቦታው «እየሠራሁ ነበር» ብለው ይሞክሩ፤ ሐሳቡ ካልተዛባ «ዋዝ ወርኪንግ» ነው።

«ወርክድ» የመጣው የቆይታ ጊዜ ስለጠቀሱ ይመስለኛል። «ዩዝድ ቱ» ጠቅላላ ቆይታም ሆነ ጠቅላላ ቁጥር አይወድም። «ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» ለማለት፣ ሥራው ያለፈ ከሆነ፣ «አይ ወርክድ ኢን ኤ ሾፕ ፎር ቱ ይርስ» ይበሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅም ይህ ይጠቅምዎታል፤ ቀጣሪ ስንት ዓመት እንደሠሩ ሊጠይቅዎት ይችላልና። «በሳምንት ሦስት ቀን» ግን ድግግሞሽን እንጂ ድምርን ስለማይናገር ከ«ዩዝድ ቱ» ጋር ይሄዳል።

በአሉታ «ዲድንት ዩዝ ቱ»፣ በጥያቄ «ዲድ ዩ ዩዝ ቱ» ይባላል። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለያዘው መጨረሻ ላይ ያለው «ድ» በጽሑፍ ይወድቃል። በንግግር ግን ሁለቱም «ዩስቱ» ተብለው ስለሚሰሙ ጆሮ ልዩነቱን አይነግርዎትም። ድምፁ «ስ» መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ «ዝ» የሚሰማው «መጠቀም» ማለት በሆነው ግስ ላይ ነው።

ለልማድ «ውድ»ም ያገለግላል፤ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው። መጀመሪያ ዘመኑ መነገር አለበት፤ ድርጊቱም የሚደጋገም መሆን አለበት። «ልጅ ሳለን አያታችን ማታ ማታ ተረት ትነግረን ነበር» ላይ «ውድ ቴል» ያምራል። «ጎንደር እኖር ነበር»፣ «ውሻ ነበረኝ»፣ «እወደው ነበር» ግን የሚደጋገም ድርጊት ሳይሆኑ የቆየ ሁኔታ ናቸው፤ ለእነዚህ «ዩዝድ ቱ» ብቻ። «አይ ውድ ሊቭ ኢን ጎንደር» ካሉ ሰሚው «ቢሆንልኝ ጎንደር እኖራለሁ» ያሉ ይመስለዋል። ሲጠራጠሩ «ዩዝድ ቱ»ን ይምረጡ፤ «ውድ» በገባበት ልማድ ሁሉ እሱም ይገባል።

«ነበር» ስላለ ብቻ «አይ ዋዝ ዩዝድ ቱ ወርክ» የሚሉም ብዙ ናቸው። «አም» ወይም «ዋዝ» ሲቀድመው ትርጉሙ «መልመድ» ይሆናል፤ የሚከተለው ግስም «ኢንግ» ይጨምራል። «ማልዶ መነሣት ለምጃለሁ» ማለት «አይ አም ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ» ነው።

ዛሬም ላልቀረ ልማድ «ዩዝ ቱ» የሚባል መልክ የለም። «ጠዋት ጠዋት ቡና እጠጣለሁ» ለማለት «አይ ዩዥዋሊ ድሪንክ ኮፊ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይበሉ።