ጠራራ ፀሐይ ላይ ስክሪኑን አትመኑ

ካሜራ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር በጥምቀት ሰሞን እናንተን ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ሁሌም አንድ ነገር ያሳስበኛል። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ስክሪኑን በመዳፋችሁ ጋርዳችሁ አንገታችሁን ታጣምማላችሁ፣ ከዚያ «ጨልሟል» ብላችሁ ብርሃን ትጨምራላችሁ። እኔም እንዲሁ አድርጌ ከስሬአለሁ።

ከፊልም ወደ ዲጂታል በገባሁበት ዓመት ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ላነሳ እንጅባራ ሄድኩ። ቀትር ነበር። ስክሪኑን ሳየው ጨለማ ነው፣ የሰው ፊት እንኳ አይለይም። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነጩ ልብስ ሁሉ ተቃጥሏል። የጋቢው እጥፋት የለም፣ ጥለቱ የለም፣ ባዶ ነጭ ብቻ። በፈረስ ላይ ቀጥ ብለው ያነሳኋቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። በዓመቱ ስሄድ ዐርፈዋል አሉኝ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፎቶው ጨልሞ አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ በብርሃን መለኪያው በሉክስ እስከ 100,000 ይደርሳል። የካሜራ ስክሪን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ዓይናችንም ደማቁን ብርሃን ስለለመደ ስክሪኑ ይደበዝዝበታል። በዚያ ላይ መስታወቱ ሰማዩን ያንጸባርቃል፣ ምስሉ ይገረጣል። ሌሊት ማሕሌት ስታነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በጨለማ ስክሪኑ ስለሚደምቅ ፎቶው ያማረ ይመስላችኋል፣ ቤት ስትገቡ ግን ጨልሞ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ሂስቶግራሙን ልመዱ። ካሜራው ፎቶው ውስጥ ምን ያህል ጨለማና ብርሃን እንዳለ የሚያሳይበት ትንሽ ግራፍ ነው፤ ፀሐይ አያታልለውም። ግራው ጨለማው ነው፣ ቀኙ ብርሃኑ። ቀኝ ጠርዝ ላይ ተከምሮ ከተቆረጠ አንድ ነጭ ነገር ተቃጥሏል ማለት ነው። ብዙ ካሜራ ላይ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ከሜኑው አብሩት። የእኛ አገር በዓል ነጠላና ጋቢ ነው። ነጩን ጠብቁ። የጠቆረ ፊት፣ በተለይ ሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥበት ፋይል) ካነሳችሁ፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይፈካል። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

እኛ በፊልም ጊዜ ስክሪን አልነበረንም። ሰማዩ ጥርት ካለ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) f/16፣ የፊልሙ የብርሃን ትብነት (ISO) 100 ከሆነ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ በቃ። ዛሬም ይሠራል። ግራ ሲገባችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ቪውፋይንደር (ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮት) ያለው ካሜራ ካላችሁ ዓይናችሁን እዚያው ላይ አድርጉ። ብዙ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ያነሳችሁትን ፎቶም በዚያው ያሳያሉ። የፀሐይ መነጽራችሁ ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ከሆነ አውልቁት፤ አንዳንዱ ስክሪን በእሱ ሲታይ ጭራሽ ይጠቁራል። በስልክ የምታነሱም ስልኩን ፀሐይ ላይ አታቆዩት፤ ሲግል ራሱ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ጥቁር ጨርቅ ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ራሳቸውን የሚሸፍኑበት ዓይነት። ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል፣ አይሆንም። እኔ አሁንም ከቦርሳዬ አይለየኝም። ጥር 23 እንጅባራ ሜዳው ዳር ካያችሁኝ ጠጋ በሉ፣ ከጨርቁ ሥር ገብታችሁ ፎቷችሁን እዩ።