ጥቁር ቀበቶ ለታጠቃችሁ የሰሜን ሸዋ ወጣቶች

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመንዝና በሸዋ ሮቢት ቴኳንዶ የምትሠሩ ልጆቼ፣

ጥቁር ቀበቶ ከታጠቃችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ከጀማሪ ጋር መሥራትን እንደ ጊዜ ማባከን ስትቆጥሩት አያለሁ፤ ይህም ያሳስበኛል። የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ ከ1ኛ እስከ 9ኛ ዳን (ደረጃ) የሚደርስ በመሆኑ ገና በመጀመሪያው እርከን ላይ ናችሁ፤ ከዚህ በኋላ ከሚያስፈልጋችሁ ትምህርት ብዙውን የምታገኙትም፣ በእኔ እምነት፣ ነጭ ቀበቶ ከታጠቀው ልጅ ነው።

ለረጅም ጊዜ አብረው የሠሩ ሁለት ሰዎች ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ሲገጥሙ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ከትከሻው ያነብባል፤ እግሩ ከመነሣቱ በፊትም መከላከያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጀማሪው ግን ይህን የለመዳችሁትን አካሄድ አያውቀውም። ርቀት ሳይለካ ዘው ይላል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል ስትሉት ተጠግቶ ልብሳችሁን ይጨመድዳል። መንገድ ላይ ድንገት የሚነሣባችሁ ሰውም ከሠለጠነ ጓደኛችሁ ይልቅ ይህንን ልጅ ስለሚመስል፣ በእሱ ፊት መከላከያችሁ ሲፈርስ «ደንብ አያውቅም» ብላችሁ አትለፉት። ይህን ስል በኃይል ግጠሙት ማለቴ አይደለም። ጉልበቱን መመጠን ገና ያልቻለው እሱ ነውና የሁለታችሁም ደኅንነት በእናንተ እጅ ነው፤ ሳይጎዱ መከላከል ደግሞ ከመምታት የሚከብድ ችሎታ ነው።

ከዚህም የሚበልጠው ጥያቄው ነው። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ 19 እንቅስቃሴ ያለውን ቾንጂን፣ የመጀመሪያውን ፓተርን (በተወሰነ ቅደም ተከተል ለብቻ የሚሠራ የምትና የመከላከያ ልምምድ)፣ ስታስተምሩት «በአንዱ እጅ ስመታ ሌላው ለምን ወደ ዳሌዬ ይመለሳል? ፊቴንስ ማን ይጠብቅልኛል?» ብሎ ይጠይቃችኋል። «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» የሚለው መልስ አይበቃውም፤ ሊበቃውም አይገባም። የሚመለሰው እጅ ወገብን አዙሮ ለምቱ ኃይል ለመስጠት ይረዳል፤ የተያዘን የባላጋራ ክንድ ወደ ራስ መሳቢያ አድርገው የሚያስረዱ አስተማሪዎችም አሉ። በስፓሪንግ ጊዜ ግን ያ እጅ ዳሌ ላይ ሳይሆን ፊት አጠገብ ይውላል። ይህን ልዩነት በተራ አማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ፣ ፓተርኑን ሰውነታችሁ እንጂ አእምሯችሁ ገና አልያዘውም ማለት ነው።

ጀማሪ ባዶ እጁን ይመጣል ብላችሁም አታስቡ። ከብት ሲጠብቅ ከእኩዮቹ ጋር በበትር እየተመካከተ ያደገ የመንዝ ልጅ፣ ስም ባያወጣለትም፣ ርቀትን የሚያውቅ ዓይን አለው፤ አረማመዱን አስተውሉ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወጥቶ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ሥልጠና የሚጀምረው ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳበት ቶሎ ያለከልካል፤ እሱን ትንፋሽ አመጣጠን ስታስተምሩ የራሳችሁን አተነፋፈስ ለመመርመር ትገደዳላችሁ።

በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዳዲስ ልጆች ወደየሥልጠና ቦታው ይመጣሉ። እነሱን የማስጀመሩን ሥራ ቢጫና አረንጓዴ ቀበቶ ለታጠቁት ከመተዋችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ራሳችሁ ያዙላቸው። የሚጠይቋችሁን በደብተር ጻፉት፤ መልስ ያጣችሁለትንም ይዛችሁ ወደ አስተማሪያችሁ ሂዱ።