አዳራሹ ሲሞላ የሚቆራረጥ ኢንተርኮም

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ባለው የአምልኮ አዳራሻችን ሠራተኞቹ እርስ በርስ ለሚነጋገሩበት 1.9 ጊጋኸርዝ ገመድ አልባ ኢንተርኮም እንጠቀማለን። ቤዙ (አንቴና ያለው ዋናው መሣሪያ) ከኋላ፣ ኮንትሮል ክፍል ውስጥ ሚክሰሩ አጠገብ ነው። ቅዳሜ ስንሞክረው ደህና ነው፤ እሁድ ግን መድረክ አጠገብ ያለው ካሜራማን ይቆራረጥበታል፣ ከመድረክ ጀርባ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። የአንቴናውን ገመድ በ20 ሜትር አስረዝመን መድረኩ ጋ ብንሰቅለውስ?

መልስ፦ ገመዱን አታስረዝሙት። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ቀጭኑ አርጂ 58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በየሜትሩ 0.8 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። 20 ሜትር ከሄደ ቤዙ ከሚልከው ኃይል ከ20 እጅ አንዱ እንኳ አንቴናው ጋ አይደርስም። መሄድ ያለበት ቤዙ ራሱ ከነአንቴናው ነው። ከሚክሰሩ የሚመጣው የድምፅ ገመድና የኃይል ገመዱ 20 ሜትር ቢረዝሙ ምንም አይሆኑም።

ቅዳሜንና እሁድን የሚለየው ሰው ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይመጠዋል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንቴና ካሜራማኑ ጋ ለመድረስ በስንት ረድፍ ሰው መሃል ማለፍ አለበት! መዝሙር ተጀምሮ ሕዝቡ ሲቆም መቆራረጡ ከባሰ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ቤዙን ከአዳራሹ አጋማሽ ወደ መድረኩ ጠጋ ባለ የጎን ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 3 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከመድረኩ ጀርባ የማይሰማው በስክሪኑ ምክንያት ይመስላል፤ ትልቅ ኤልኢዲ ስክሪን ጀርባው ብረት ስለሆነ ለሞገዱ ከቆርቆሮ አጥር አይለይም። ከጎን የተሰቀለ ቤዝ የስክሪኑን ጠርዝ አልፎ ወደ ኋላ ማየት ይችላል። ከኢጋ ግድግዳ፣ ከጣሪያ ብረትና ከስክሪኑ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አንቴናዎቹን አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን 45 ዲግሪ ዘንበል አድርጉ። ጫፋቸው ወደ ሰው አይዙር፤ እንደ ዱላ ያለ አንቴና የሚደክመው በጫፉ አቅጣጫ ነው። መድረኩ አናት ላይ ቁልቁል መስቀል የማይሆነውም ለዚህ ነው።

አንቴና ከቀየራችሁ የመሰኪያውን መሃል ተመልከቱ። ከሁለቱ አንዱ መርፌ፣ ሌላው ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም ቀዳዳ ከሆኑ ጥርሱ በደንብ ይጠብቃል፣ ግን ምንም አልተገናኘም። በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ሙከራውን ባዶ አዳራሽ ውስጥ አታድርጉ። 15 ያህል መዘምራን ካሜራማኑን ከበው ይቁሙ። ከዚያ አንድ ሰው ቤልትፓኩን (ከቤዙ ጋር የሚገናኘውን ትንሹን መነጋገሪያ) ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ በየእርምጃው አንድ ቁጥር እየጠራ ከመድረኩ ጀርባ ድረስ ይሂድ፤ ቤዙ ጋ ያለው ደግሞ የተዘለለውን ቁጥር ይጻፍ። 17 ካልተሰማ 17ኛው እርምጃ ላይ ቴፕ ለጥፉ። እዚያው ቆሞ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ሲል ድምፁ ከተመለሰ ችግሩ ርቀት ሳይሆን ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚነጥር ሞገድ ነውና ቤዙን ግማሽ ሜትር ያህል አንቀሳቅሱት። ዞር ሲል ብቻ ከጠፋ ቤልትፓኩን ወደ ቤዙ በሚያየው ጎኑ ይታጠቅ።

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ የሁሉም ድምፅ በአንድ ጊዜ ከጠፋ አንቴናውን አትውቀሱ፤ ቤዙ እንደገና እየተነሳ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል።

ከመስቀላችሁ በፊት ግን ቤዙ ሥር የተለጠፈውን አንብቡ። 1880–1900 ሜጋኸርዝ ካለ ቀጥሉ። 1920–1930 ካለ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ በሻንጣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። እኛ ጋ የ3ጂ ስልኮች ወደ ታወር የሚልኩበት ባንድ ከ1920 ስለሚጀምር በምእመናኑ ኪስ ያለው ስልክ ይረብሸዋል፣ እሱም ኔትወርኩን ይረብሻል። ያን አንቴና የትም ብትሰቅሉት አይፈታም፤ ዕቃው ይቀየር፤ አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፈቃዱ ጠይቁ።