እንቅልፍ የሚለመንበት መጠጥ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም በስደተኞች ዘንድ የሥነ ልቦና ጉዳት ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች ጋር ያለው ዝምድና ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥተን አቅርበናቸዋል። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ወንድም ጋሼ» እያልኩት ያደግሁት ታላቅ ወንድሜ ከጦርነት ሸሽቶ እኔ ወዳለሁበት አገር ከመጣ ሦስት ዓመት ሞላው። ከስደቱ በፊት መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሁላችን ከተኛን በኋላ መብራት አጥፍቶ ብቻውን ይጠጣል፤ ካልጠጣ ዓይኑ አይከደንም። ቀን ቀን የጥገኝነት ማመልከቻውን ውሳኔ ሲጠባበቅ ይውላል፤ ሥራ እንዲሠራም አልተፈቀደለትም። ባለቤቴ «ሰካራም ሆኖ ቀረ» ይላል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያደረገው ያየው መከራ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል? ጠርሙሱን ደብቀን ብናስቆመውስ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከሁለታችሁ ወደ እውነቱ የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት፤ ነገር ግን የእርስዎም መልስ ግማሽ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኤድዋርድ ካንትዚያን በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ወደ ሱስ የሚገባው ደስታን ፈልጎ ብቻ ሳይሆን መሸከም ያቃተውን ሥቃይ ለማስታገስ ጭምር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ወንድምዎ በሌሊት የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል። መጠጡ ፈጥኖ ያስተኛል፤ ይሁን እንጂ ሰውነት አልኮሉን እያስወገደ ሲሄድ፣ ማለትም በሌሊቱ ሁለተኛ እኩሌታ፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ቅዠቱም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ የተሻለ ለመተኛት ትንሽ ይጨምራል፤ ሰውነቱም የተጨመረውን ይለምደዋል።

ሆኖም መከራ ያየ ሁሉ ወደ መጠጥ ይሄዳል ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች በሰፈሩ የካምቦዲያ ስደተኞች ላይ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናት፣ ሰዎቹ ከሰፈሩ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላም 62 በመቶው በድኅረ አደጋ ጭንቀት፣ ማለትም በቅዠት፣ ሳይጠሩት በሚመጣ ትዝታና በድንጋጤ በሚታወቀው ሕመም፣ 51 በመቶው ደግሞ በድባቴ እንደሚሠቃዩ አግኝቷል። የአልኮል ችግር የታየባቸው ግን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር «ስደተኛ ጠጪ ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደሚመጣ ይገርመኛል። በስዊድን 1.2 ሚሊዮን ሰዎችን የተከታተለውና በ2019 የወጣው ጥናትም በስደተኞች ዘንድ የተመዘገበው የሱስ ሕመም በአገሬው ተወላጆች ዘንድ ከተመዘገበው ግማሽ ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ በአገሪቱ የኖሩበት ዘመን እየረዘመ ሲሄድ ግን ልዩነቱ እየጠበበ መጥቷል። የድኅረ አደጋ ጭንቀት በተመዘገበባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ፣ ስደተኛ ይሁኑ ተወላጅ፣ የሱስ ሥጋቱ ከፍ ብሎ ታይቷል።

የቀረው ግማሽ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከስደት በኋላ የሚኖረው ኑሮ ከስደት በፊት ያየውን ያህል ይመዝናል። ማቲው ፖርተርና ኒክ ሃስላም 56 ጥናቶችን አሰባስበው በ2005 ባወጡት ትንተና፣ በተቋም መጠለያ ውስጥ የሚኖሩና ሠርቶ የማደር ዕድላቸው የተገደበ ስደተኞች የአእምሮ ጤናቸው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ከመጠጥ ጋር የተያያዘውም አኃዝ ወደዚያው ያመለክታል፤ በ2016 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ለጉዳት የሚዳርግ የአልኮል አጠቃቀም በመጠለያ ጣቢያዎች ከ17 እስከ 36 በመቶ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ተቀላቅለው በሚኖሩት ዘንድ ደግሞ ከ4 እስከ 7 በመቶ እንደሆነ አስፍሯል። ወንድምዎ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ደብዳቤ ሲጠብቅ መኖሩ ራሱን የቻለ ሕመም አምጪ ነው ብዬ አምናለሁ። የሕግ ጠበቃ ማግኘቱና ጉዳዩ የት እንደደረሰ በየጊዜው ማወቁም የሕክምናው አካል ነው።

ጠርሙሱን መደበቁን ግን እባክዎ ይተዉት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ መንቀጥቀጥና ሰውነቱ በላብ መጠመቅ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ ከዚያም በኋላ ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል መጠኑ መቀነስ ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ወሬውን በመጠጡ ባይጀምሩት ይሻላል። በየማለዳው «እንዴት አደርክ?» ይሉታል፤ አንድ ቀን መልሱን ለመስማት አጠገቡ ተቀምጠው ይጠይቁት። ስለ መጠጡ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ስለ እንቅልፉ ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድም «እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ማለት «ሱስ ያዘኝ» ከማለት ይቀልለዋል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ሳነብ አንዱ ጥናት የድኅረ አደጋ ጭንቀት ከስደተኞች 9 በመቶውን ይይዛል ሲል ሌላው 30 በመቶ ይላል። የትኛውን ልመን? ስለ መጠጥ የተዘጋጀውን መጠይቅስ አስተርጉሜ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች በጥንቃቄ የተገኙ ናቸው፤ የተለያዩት የተለያየ ነገር ስለሚለኩ ነው። 9 በመቶ የሚለው በ2005 በሚና ፋዝልና ባልደረቦቿ የወጣው ሲሆን በምዕራባውያን አገሮች ሰፍረው ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞችን የሚመለከቱ 20 ጥናቶችን ያቀፈ ነው። 30.6 በመቶ የሚለው በ2009 በዛካሪ ስቲልና ባልደረቦቹ የወጣ ሲሆን፣ በ40 አገሮች የተደረጉ 181 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 81,866 ሰዎችን ይመለከታል፤ በውስጡም ከስደተኞች ሌላ በግጭት ቀጣና የቀሩ ሰዎች አሉ። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተመርጠው ይሁን በቀላሉ የተገኙ፣ ሐኪም አነጋግሯቸው ይሁን መጠይቅ ሞልተው፣ ስንቶቹ ግርፋትና ቁም ስቅል ደርሶባቸው ይሁን፣ ይህ ሁሉ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በጽሑፍዎ አንዱን መርጠው ከመጥቀስ ይልቅ ልዩነቱን ራሱን ቢያስረዱ መርማሪዎ የሚደሰቱ ይመስለኛል።

መጠይቁን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ያወጣው ዐሥር ጥያቄዎች ያሉት የአልኮል መለኪያ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ አገልግሏል። ችግሩ ከቃሉ ይልቅ ከብርጭቆው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ በሚጠጡበት ቀን ስንት መጠጥ ይጠጣሉ ይላል፤ አንድ መጠጥ ማለትም 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ማለት ነው። አምስት ሰዎች በአንድ ጣሳ እየተቀባበሉ የሚጠጡት ምልክት የሌለው የቤት ጥምቅ ምን ያህል አልኮል እንዳለው ማን ያውቃል? መላሹ «አንድ ሁለት ጊዜ ቀመስኩ» ይላል፤ ጠያቂው 2 ብሎ ይጽፋል፤ ስሌቱ የተበላሸው እዚያው ነው። ስለዚህ መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ሰዎቹ የሚጠጡበትን ዕቃ አይተው፣ ለክተው፣ ሥዕሉን ከመጠይቁ ጋር ያያይዙ።

ከአልኮል ውጪም ይጠይቁ። በ2011 የታተመ፣ በስድስት አገሮች በተፈናቀሉ ሰዎች መካከል የተካሄደ ፈጣን ዳሰሳ በኬንያ ጫትን፣ በኢራንና በፓኪስታን ደግሞ ኦፒየምና መሰሎቹን አግኝቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ የማመልከቻው ውሳኔ ያልደረሰለት ሰው እርስዎን ከመንግሥት ሠራተኛ ለይቶ ላያይዎት እንደሚችል ያስቡበት፤ «አልጠጣም» የሚለው መልስ አንዳንዴ «አላምንዎትም» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለስደተኞች በሚሰጥ የምክር አገልግሎት አስተርጓሚ ነኝ። አንድ ታካሚ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያው ሲሄድ «መጀመሪያ መጠጥ አቁም» ይባላል፤ ወደ ሱስ ማገገሚያው ሲሄድ ደግሞ «መጀመሪያ ጭንቀትህን ታከም» ይባላል። ስድስት ወር ተመላለሰ። ይህ አሠራር ትክክል ነው? ለነገሩ እኔም ታሪኩን ከተረጎምኩ በኋላ ማታ ማታ አንድ ሁለት ማለት ጀምሬአለሁ።

መልስ፦ ትክክል አይደለም። በአውስትራሊያ ሁለቱም ሕመሞች ባሉባቸው 103 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2012 የታተመ ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን ማከም የጭንቀቱን ሕመም እንደሚቀንስ፣ ሱሱንም እንደማያባብስ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ስደተኞች ተብለው የተመረጡ አልነበሩም፤ ለማመላለሱ ግን ሰበብ አይተውም። በእርግጥ ሰክሮ የመጣን ሰው ማከም አይቻልም፤ ቀጠሮውን ጠዋት ማድረግ ግን ይቻላል።

ለስደተኞች ተብሎ የተቀረጸው አንዱ የሕክምና ዘዴ ሕይወትን በቅደም ተከተል መተረክ ነው። ታካሚው ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ከልደቱ ጀምሮ መልካሙን ቀን በአበባ፣ ክፉውን ቀን በድንጋይ ያመለክታል፤ የገመዱ ጫፍ ለሚመጣው ዘመን ሳይፈታ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከዚያም እያንዳንዱን ድንጋይ የት፣ መቼና እንዴት እንደሆነ እየተረከ ያልፍበታል። ፍራንክ ኖይነርና ባልደረቦቹ በዩጋንዳ ኢምቬፒ ሠፈር በ43 የሱዳን ስደተኞች ላይ ሞክረው በ2004 እንዳሳተሙት፣ ከአራት ቀጠሮ በኋላ ዓመት ቆይተው ሲመረመሩ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ነበሩ፤ ሌላ ዓይነት የምክር አገልግሎት ካገኙት ውስጥ ግን 79 በመቶው አሁንም ታማሚ ነበሩ። በኋላም በናኪቫሌ ሠፈር በተደረገ ሙከራ ሕክምናውን የሰጡት ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ባለሙያ ጠፋ ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም ማለት ነው።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፣ አስተርጓሚ የሚናገረው በአንደኛ መደብ ነው። «ገረፉኝ» የሚለው በእርስዎ አፍ ነው፤ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ «እኔ» ብለው ስለ ሌላ ሰው ስቃይ እንደተናገሩ ቢቆጥሩት ድካምዎ አይገርምዎትም። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ከባለሙያው ጋር ዐሥር ደቂቃ ተቀምጠው ስለሰሙት ነገር እንዲነጋገሩ ይጠይቁ፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ታሪኮችንም በተከታታይ ላለመተርጎም ይስማሙ። ለተማሪው የጠቀስናቸውን ዐሥር ጥያቄዎች ደግሞ ዛሬ ማታ፣ የመጀመሪያውን ሳይቀዱ፣ ለራስዎ ይመልሱ፤ ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪም ፊት የሚቀመጡት እርስዎ ይሁኑ።