ጥቁር መኪና ላይ ተመልሶ የሚመጣው ጭረት

ወንድሜ፣ ጥቁር መርሴዲስህን ከሁለት ወር በፊት ፖሊሽ አስደርገህ ስትረከባት እንደ መስታወት ታበራ ነበር። አሁን ፀሐይ ሲያርፍባት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ወጣባት፤ እንደገና ፖሊሽ ላስደርጋት ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

አሁን አታስደርግ። ያ ጭረት ቀለሙ ላይ ሳይሆን ከላይ ክሊር የምንለው ግልጽ ሽፋን ላይ ነው ያለው። ክሊር ደግሞ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቢሆን ነው፣ በጣም ስስ ነገር ነው። ፖሊሽ ማለት ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያውን ያለውን ክሊር ፍቆ እኩል ማድረግ ነው፤ የተፋቀው አይመለስም። በየሁለት ወሩ ካስፋቅከው ያልቃል።

ምናልባት መጀመሪያውኑ ጭረቱ አልተነሳም፣ ተሸፈነ እንጂ። አንዳንድ ፖሊሽ ዘይትና መሙያ ስላለው ጭረቱን ይደብቀውና ከጥቂት እጥበት በኋላ ያጋልጠዋል። ሌላ ጊዜ ከመረከብህ በፊት ኮፈኑን በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል አስጠርግና በባትሪ መብራት በጎን እየው። ጭረት ብቅ ካለ ሥራው አላለቀም።

እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው እጥበቱን ነው። ስፖንጁ ከበሩ ታች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይይዛል፣ ከዚያ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ክብ ክብ ይዞራል፣ አለቀ። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማራገፍማ ክሊሩን በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው፣ እባክህ ተው።

ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ እጠባት። ሳትነካት መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራውን አውርድ። ሁለት ባልዲ ያዝ፦ አንዱ የመኪና ሻምፑ ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ ያለበት ሆኖ፣ የማይክሮፋይበር ጓንቱን ሻምፑ ውስጥ ከመመለስህ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ታለቀልቀዋለህ። ከጣሪያው ጀምረህ ወደ ታች ውረድ። ቸርኬውን በሌላ ጨርቅ። ስታደርቅ አትሽ፤ ትልቅ የማይክሮፋይበር ፎጣ አልብሰህ ጫን ጫን አድርግ። መሬት የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ ቀለም አይነካም።

እጥበቱ ከተስተካከለ በኋላ ፖሊሽ ማስደረግ ትችላለህ፣ ግን መጀመሪያ የቀለሙ ውፍረት በመለኪያ ይለካ። ፋብሪካ ላይ የተቀባ መኪና ክሊሩን ጨምሮ ጠቅላላ የቀለም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ በር ብቻውን 300 ካሳየህ እንደገና ተቀብቷል፣ ሥሩም ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ነገር፣ ሊኖር ይችላል። ሠራተኛው በለስላሳው ፓድና (ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ስፖንጅ) በደቃቁ ፖሊሽ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክር፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንካራው ይሂድ። ጠርዝ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍን፣ ክሊር እዚያ ይሳሳል። ሥራውን ስጀምር የአንድ ጥቁር መኪና ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ማሽኑን ትንሽ አዘገየሁና ነጩ ፓድ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ክሊሩን አልፌ ቀለሙ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። እንደገና ከመቀባት ሌላ መፍትሔ አልነበረውም።

ሴራሚክ የሚባለውን መከላከያ ሽፋን ላስቀባ ካልክ ከፖሊሹ በኋላ ጥሩ ነው፣ ውሃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ በቆሸሸ ስፖንጅ ካሸኸው ግን እሱም ይጫራል። የወፍ ኩስ ስታይ ደግሞ እስከ እጥበት ቀን አትጠብቅ፤ እርጥብ ፎጣ ጥቂት ደቂቃ ደርብበት፣ ሲለሰልስ ሳትጫን አንሳው።